ያለሰለስኩት ቤት

ጥቅምት 3

የመጨረሻው የሥራ ቀን። የፋርማሲስቷን ሳሎን ሁለተኛ እጅ ቀብቼ፣ መስታወቱን ጠራርጌ፣ ቁልፏን አስረክቤ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም ስቀባ... አሁንም ግድግዳ ሲደርቅ ቆሜ ማየት ደስ ይለኛል። ሞኝ ነኝ መሰለኝ።

ከዚያ እናቴ ጋ። ያንን አሮጌ በርጩማዋን ወሰድኩባት። አንድ እግሩ ያጠረ፣ መቀመጫው የጎደጎደ፣ ምኑ ይወደዳል? በምትኩ መደገፊያ ያለው አዲስ የፕላስቲክ ወንበር። "ተው ልጄ፣ አልፈልግም" አለች። ሦስቴ አለች። ይሉኝታዋ ነው። እሷ መቼ ነው አዎ ብላ የምታውቀው? በርጩማውን ዕቃ ቤቴ ወረወርኩት፤ ጣሪያ ስቀባ መቆሚያ ይሆነኛል።

ሚስቴ ሻንጣዬን እያሰናዳች ይህን ስነግራት፣ "ሰው አልፈልግም ሲልህ ጆሮህ የት ነው የሚሄደው?" አለች። ሳቅኩባት።

ከነገ ወዲያ በረራ። ከቤተ ክርስቲያናችን ስድስት ሰው፣ ለአምስት ሳምንት፣ ለወንጌል አገልግሎት። የሚሰብክ አለ፣ የሚዘምር አለ፣ ነርስ አለች። እኔስ ምን ልሠራ? ፓስተሩን ጠየቅኩት። "የአንተ እጅ ይሰብካል" አለኝ። እስቲ እናያለን።

ጥቅምት 7

ደርሰናል። ጆሮዬ አሁንም እንደ አውሮፕላኑ ይጮሃል።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ሰዉ መንገድ ላይ በቅንድቡ ሰላም ብሎ ያልፋል። እኔ እጄን ዘርግቼ ስጠጋው ወደ ኋላ ይላል። ዛሬ ብቻ ሦስት ሰው አስደንግጫለሁ። አንዷማ ቦርሳዋን እቅፍ አደረገች። ጌታ ሆይ!

የምታስተረጉምልን የአገራችን ልጅ ናት፤ እዚህ አግብታ ቀርታለች። በየቤቱ ስትደለድለን ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ዓይነ ስውር ጫማ ሰፊ ቤት ነው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ሚስታቸው ሞታለች፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። የእህታቸው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትላለች አሉ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው ተረዱና፣ "ይሁን" አሉ።

ከሰላምታው በፊት ጫማህን አምጣ አሉኝ። አወለቅኩ። ሶሉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና አንድ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚዋ ሳቀች። "ፊት ፊቱ ነው ያለቀው፤ ይህ ሰው ቁጭ ብሎ እንኳ ሊሄድ ነው ይላሉ።" እንዴት አወቁ?

ጥቅምት 11

ዛሬም በር ማንኳኳት። አሥራ አንድ ቤት። "አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም"፣ ከዚያ በሩ ቀጭ። ከሰዓት የቋንቋ ትምህርት፤ ከአሥር ቃል አንዱም አልገባኝም። ከዚያ ጸሎት። በጸሎቱ መሃል ዓይኔን ገልጬ የግድግዳውን ስንጥቅ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። ይቅር በለኝ።

እረፍት አጣሁ። እግሬም እጄም ሥራ ለምዷል። ምን ልሠራ ነው ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት? ለዘማሪዎቹ ጊታር ልሸከም?

የአባባ ቤትማ... ቀለም ቀቢ እዚህ ቤት ውስጥ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? የበር መቃኑ ሁሉ በቢላ የተተለተለ። ኮሪደሩ ላይ ልስኑ ተፈርፍሮ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ሻካራ። ከጓሮው በር አጠገብ የተጣመመ ምስማር አለ፤ ምንም አይሰቀልበትም። የውጪው በር ሲከፈት እንደ ፍየል ይጮሃል። እጄን በላኝ።

ጥቅምት 12

አገኘሁት! የአባባን ቤት እንቀባዋለን!

ፓስተሩ ሲሰማ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "አላልኩህም? እጅህ ይሰብካል!" ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሳል፤ በትልቁ ከተማ በሚደረገው ጉባኤ እኔው ራሴ ቆሜ እመሰክራለሁ። እኔ! መድረክ ላይ!

አባባ መዶሻቸውን አስቀምጠው ሰሙን። "አመሰግናለሁ። አይሆንም። ቤቴ ይስማማኛል" አሉ። ፓስተሩ አስተርጓሚዋን፣ "እንደገና በያቸው" አላት። "አይሆንም።" በሦስተኛው እኔ እጃቸውን ይዤ፣ በሞቴ ብዬ ለመንኳቸው። በሞቴን ምን ብላ እንደተረጎመችው እንጃ፣ ግር አላቸው። "አትሙት። ግን አይሆንም" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ፓስተሩ፣ "ልክ እንደ አባቴ! ሳህኑን በእጁ ከልሎ በቃኝ ይልሃል፤ ካልጨመርክለት ደግሞ ይቀየምሃል" አለ። እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ በአንድ እንቢታ ዝም የሚል ሰው ንፉግ ነው የሚባለው።

አስተርጓሚዋ፣ "እዚህ ግን ሰዎች አይሆንም ሲሉ..." ብላ ጀምራ ነበር። ማን ያዳምጣታል? ቀለም እየመረጥን ነበር።

የእህታቸው ልጅ ማክሰኞ ለሐኪም ቀጠሮ ትወስዳቸዋለች፤ ሐሙስ ይመለሳሉ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ይበቃናል።

ጥቅምት 17

ወገቤ ተቆረጠ። ግን ደስ ብሎኛል። እዚህ ከመጣሁ ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ።

ትናንት ፋቅን፣ ዛሬ ቀባን። የመቃኖቹን ጭረት አንድ በአንድ በስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ጥፍርህን ብትስብበት አይይዝህም። ኮሪደሩን ለሰንኩ። ምስማሩን ነቅዬ ጣልኩ። የበሩን ማጠፊያ ዘይት አጠጣሁት፣ ጭጭ አለ። ነርሷና ዘማሪዎቹ የሥራ ጠረጴዛቸውን አጽድተው መሣሪያውን ሁሉ በቁመት በቁመቱ ደረደሩት። ግድግዳው የወተት ቀለም፣ መቃኑ ቡናማ።

ፓስተሩ በስልኩ ስንቱን አነሳው! እኔም እየዞርኩ እያንዳንዱን ክፍል አየሁ። እናቴ ብታየው አልኩ።

ጥቅምት 18

መጡ።

በሩ ውስጥ ተሰልፈን ጠበቅናቸው። በሩ ሲከፈት አልጮኸም። እጃቸውን ወደ መቃኑ ላኩ፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።

"ተሳስተን ሌላ ሰው ቤት ገባን እንዴ?" አሏት የእህታቸውን ልጅ።

እኛ ሀሌሉያ አልን። ጭብጨባ ሆነ። ወንበር ላይ አስቀመጥናቸውና ፓስተሩ እጁን ዓይናቸው ላይ ጭኖ ጸለየ፤ እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተቀላቀልን። ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ። አባባ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ጠበቁን። ሲያበቃ፣ "ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ" አሉ። ይኸው ነው።

ዓይናቸው በራ? አልበራም። ቤቱንስ ወደዱት? እ... ቀለሙ ሸቷቸው ይሆናል።

ጥቅምት 19

ጠዋት ኮሪደሩ ላይ በእጅና በጉልበታቸው ሲሄዱ አገኘኋቸው። አዩኝ መሰለኝ... ምን ማለቴ ነው? ሰሙኝ መሰለኝ። ቀጥ አሉ። እኔም ቀጥ አልኩ። ከዚያ ሹልክ ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ለምን ሹልክ አልኩ?

ጥቅምት 20

ወደቁ።

ከጓሮው በር ወደ ታች ሁለት ደረጃ አለ። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ በጎናቸው ተኝተዋል። የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጧል። ነርሷ አሰረችላቸው። ስብራት የለም፣ ግን ለጥቂት ቀን ወስፌ አይጨብጡም አለች።

ቅዳሜ ነውና የእህታቸው ልጅ መጣች። ክው ብላ ቀረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህብን ይሻለኝ ነበር። አስተርጓሚዋ ወደ ጥግ ወስዳ ነገረችኝ። ልጅቱ ብቻቸውን መኖራቸው ድሮም ያስጨንቃታል። በየዓመቱ እኔ ጋ ኑር ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ፣ "በቤቴ ማንም ሳይመራኝ እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን ከወደቅኩ ያን ጊዜ ውሰጂኝ" ይሏታል። ወድቀው አያውቁም ነበር። እስከ ዛሬ። የፊታችን ቅዳሜ ልትወስዳቸው ነው። ስድስተኛ ፎቅ፣ ጫማ የሚያሰፋ ሰው የማይደርስበት።

አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ምን ሆነው ነው ብዬ አስጠየቅኩ። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። በወገብ ቁመት ሦስት ጭረት ያለበት መቃን፣ መኝታ ቤት። ሁለት ጭረት፣ ማድ ቤት። አንድ ጭረት፣ የጓሮ በር። ሻካራው ልስን፣ እዚህ ታጠፍ። የተጣመመው ምስማር፣ ደረጃ አለና ተጠንቀቅ። የበሩ ጩኸት፣ ሰው ገባ። ሁሉንም ከሚስታቸው ጋር ነው ያበጁት፣ ዓይናቸው መድከም ሲጀምር። እሷ ቢላዋ ይዛ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እየሞከሩ።

እኔ አንድ በአንድ አጠፋሁት። በብርጭቆ ወረቀት።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አልኩ። እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ እኮ! አፌን ብይዝ ምን ነበረበት?

"ሦስት ጊዜ ነገርኳችሁ" አሉ።

ጥቅምት 21



ፓስተሩ ነገ ሁላችንንም ይዞ ወደ ጉባኤው ሊሄድ ነው። አልሄድም አልኩት። እዚሁ ቀርቼ የነበረውን እመልሳለሁ።

"ስምህ ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል!"

"ምን ብዬ ልመስክር? ሽማግሌ ጣልኩ ብዬ?"

"ወንድሜ፣ ልባችን ንጹሕ ነበር። እኛ ለነፍስ መጥተን አንተ ጭረት ትቆጥራለህ?"

"አዎ!"

ተቆጣ። እኔም ተቆጣሁ። እንደ ጎረምሳ የአባባን በር ወርውሬ ወጣሁ። በሩ ግን ዘይት ጠጥቷል፤ ድምፅ እንኳ አላሰማልኝም።

ጥቅምት 22

ከሁሉ በፊት አባባን መጠየቅ። ይህን ያህል ከባድ ነው? አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አብራኝ የምትቀረውን አስተርጓሚ ቃል በቃል አስያዝኳት። "ያጠፋሁትን ልመልስልዎ? አይሆንም ካሉ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ።"

ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉ። እኔ ቆሜ ጣቶቼን አጮሃለሁ።

"አሁን እየጠየቀኝ ነው?" አሏት።

"እየጠየቀዎት ነው።"

"እንግዲያው ይሁን።"

ይሁን አሉ፣ ግን እንዴት? ስቱኮው ከጭረቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ በላዩ ቀለም። የት የት እንደነበረ እጄ ትንሽ ትንሽ ያስታውሳል፣ ሁሉን ግን አይደለም። ቁመቱ በአንድ ጣት ከሳተ ለእሳቸው የሌላ ሰው ቤት ነው።

አራት ሰዓት ገደማ አባባ ጆሮአቸውን አቀኑ። "ባለ ትልቁ ድምፅ መጣ። ቀኝ ተረከዙ የላላው" አሉ። እውነትም ፓስተሩ! ወደ ጉባኤው የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ውጭ ይጠብቃል። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ከመቀባቱ በፊት ያነሳኋቸው ሁሉም አሉ። መቃኖቹንም በቅርብ አንስቻለሁ።"

"አንተስ እዚያ ምን ታሳያለህ?"

"እንጃ" አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ወደ መኪናው ሮጠ።

ጥቅምት 24

ቀስ ያለ ሥራ ለእኔ አይሆንም ብዬ አስብ ነበር። መሮ እንጨቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ በአባባ ወስፌ ነው የምፈለፍለው፤ ፍርፍር፣ ፍርፍር እያደረግኩ፣ የድሮው ቢላ የሄደበት መንገድ ጫፉ ላይ እስኪሰማኝ። ቀኑን ሙሉ ሁለት መቃን! እግሬ ልነሳ፣ ልሂድ ይላል። ቁጭ በል እለዋለሁ።

ፎቶው የማያሳየውን አባባ ይነግሩኛል። ክንዴን ይዘው ይመጡና የግራ ጣታቸውን ጭረቱ ውስጥ ያስገባሉ፤ ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወይ በምላሳቸው "ትቅ" ይላሉ። ትቅ ካሉ ድገም ነው። ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ ትቅ ተባልኩ።

ማታ ሾርባ ልጨምርላቸው ስል "አይሆንም" አሉ። ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለስኩ። እጄ እንዴት ከበደኝ!

ጥቅምት 25

የበሩ ጩኸት አልመለስ አለ። ማጠፊያውን ነቅዬ በላምባ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ደቃቅ አሸዋ ነሰነስኩበት። በር እንዲጮህ ስለፋ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ ብታየኝ በሳቅ ትፈነዳለች። ከሰዓት ትንሽ አቃሰተ። አባባ ከአልጋቸው ሆነው፣ "በርታ!" አሉት፣ በሩን።

መሣሪያዎቻቸውንም በፎቶው መሠረት ወደየቦታቸው መለስኩ። ምስማሩን ግን አጣሁት። ቆሻሻው ከተወሰደ ሰንብቷል። ሌላ አጣምሜ መታሁ፤ ዳበሱት፤ ትቅ። ሌላ። ትቅ። አምስተኛው ላይ ጣታቸውን ብዙ አቆዩና፣ "ያኛው አይደለም። ግን እለምደዋለሁ" አሉ።

ሚስታቸው የመታችው ምስማር ነበር። ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ጥቅምት 26

ነገ ነው። የኮሪደሩን ልስን ጠርቤ እንደ ድሮው አሻከርኩት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋቸው እስከ ጓሮ ለመሄድ ሞከርኩ። ሁለቴ ግንባሬን ገጨሁ። በሦስተኛው ደረስኩ።

እኔ ደረስኩ፣ እሳቸውስ? ከወደቁ ወዲህ የእኔን ክንድ ሳይዙ አንድ እርምጃ አልሄዱም። አስተርጓሚዋ ነገ ብቻዎን ይችላሉ ወይ ስትላቸው እግራቸውን ወደ አልጋው ሰበሰቡ። እጃቸው አይደለም የፈራው፣ እግራቸው ነው። ልጅቱ ፊት ቢሰናከሉስ? በእኔ የተነሳ ቤታቸውን...

ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ምስማሩን ነቅነቅ አደረግኩ። አይነቃነቅም።

ጥቅምት 27

ጠዋት ሦስት ሰዓት በሩ ጮኸ። ጥሩ አድርጎ ጮኸ። አባባ ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ "መጣሽ?" አሏት። ባዶ ሻንጣ ይዛለች።

አስተርጓሚዋ ሁሉን አስረዳቻት። ልጅቱ ወደ እኔ ዓይኗን እንኳ አላነሳች። አባባ ቆሙ። "ማንም እንዳይነካኝ" አሉ።

መቃኑን ዳበሱ። ሦስት። ወጡ። እጃቸው ግድግዳው ላይ እየተሳበ፣ ሻካራው ጋ ሲደርሱ ታጠፉ። ሁለት፣ ማድ ቤት። ውሃ ቀድተው ጠጡ፣ ብርጭቆውን ቦታው መለሱ። አንድ፣ የጓሮ በር። እዚያ ቆሙ። እጃቸው ምስማሩን ፈለገ... አለፈው። እግራቸው ወደ ጠርዙ ሄደ። ዘልዬ ልይዛቸው ነበር! ማንም እንዳይነካኝ ብለዋል። አንዱን እጄን በሌላው ጨብጬ ቆምኩ። ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ብቻ ነው ያልኩት።

ጣታቸው ተመለሰ። አገኘው። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ። ጓሮ።

በመጡበት ተመልሰው ጠረጴዛቸው ጋ ተቀመጡ። መዶሻውን ሳይፈልጉ አነሱት። ልጅቱ ሻንጣውን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ በላዩ ቁጭ አለችበትና አለቀሰች። ቆይታ፣ "አንድ ወር እንየው፣ እኔም በየሁለት ቀኑ እመጣለሁ" አለች።

"ስትመጪ አታንኳኪ። በሩን ክፈቺው፣ እሰማዋለሁ" አሏት።

ኅዳር 9

ነገ ወደ አገር ቤት።

ፓስተሩ ሊሰናበታቸው መጣ። ቀኝ ጫማውን አስወልቀው ተረከዙን ጠገኑለት። እኔን ግን የጫማህን ፊት ብጠግንልህ መልሰህ ትጨርሰዋለህ አሉኝ። ጉባኤው ላይ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም ነበር። "ባዶ እጄን ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ አይሆንም ብለውን ስላልሰማናቸው ሰው ነገርኳቸው" አለኝ። "ማንም አላጨበጨበም።"

ሲነሳ ለጸሎት እጁን ወደ ዓይናቸው ላከና መሃል ላይ አቆመው። እኔን አየኝ። "ጠይቃቸው" አልኩት።

"አባባ፣ እንድንጸልይልዎ ይፈልጋሉ?"

"ስለ ዓይኔ ከሆነ፣ አይሆንም።"

ፓስተሩ እጁን አወረደ። "እሺ። ስለ ምን ይሁን?"

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስልም። "ለእህቴ ልጅ። ትፈራለች" አሉ።

ቀስ ብለን ጸለይን። አሜን ስንል እሳቸውም በአማርኛ "ይሁን" አሉ። ከእኛ የለመዷት ቃል ናት።

ኅዳር 15

ዕቃ ቤቴን ከፍቼ በርጩማውን አወጣሁ። የቀለም ጠብታ አርፎበታል፤ በስፓቱላ ፋቅኩለት። ሌላ ነገር አልነካሁም። አጭሩን እግር ለማስተካከል እጄ ተነስቶ ነበር፣ ከለከልኩት።

እናቴ ጀሪካን ገልብጣ ተቀምጣበታለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች። የፕላስቲኩ ወንበር ጥግ ላይ ልብስ ተከምሮበት።

"እማዬ፣ ይሄን ልመልስልሽ?"

"ምን ሆነሃል? እዚያ አገር ታመምክ እንዴ?"

"ልመልስልሽ ወይ ነው የምልሽ።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "አዎ" አለች።

አዎ አለች! ተቀመጠችበት። አጭሩ እግር ወደ ምድጃው ዘንበል አደረጋትና ድስቱ ጋ ደረሰች፤ መነሳት ሳያስፈልጋት። ለካ ለዚህ ነበር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዛሬ ገና አየሁት።

"ወንበሩንስ?" አልኩ።

"ውሰደው።"

ግድ የለም ይኑርሽ፣ ለእንግዳ ይሆንሻል... አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩት። ልብሷን አልጋው ላይ አኖርኩና ወንበሩን ይዤ ወጣሁ።